በበጋ የማይነጥፍ የበረንዳ አበባ፦ ጄራኒየም፣ ፔቱኒያ፣ ቡገንቪላ ወይስ ጽጌረዳ?

መስከረም ላይ በየመንገዱ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ዘንድ የማያምር አበባ የለም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ፣ እንቡጡ ሞልቶ ነው የሚሸጠው። ልዩነቱ የሚታየው ከኅዳር በኋላ ነው፤ አንዱ እስከ ሚያዝያ ሳያቋርጥ ያብባል፣ ሌላው የገና በዓል ሳይደርስ እንጨቱ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በእጁ ያሳብባል፤ «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚመጣበት ቤት ፔቱኒያ ከገዛ፣ ፀሐይ የማይነካው በረንዳ ላይ ቡገንቪላ ካስቀመጠ፣ እጁ ምንም ቢሆን አያድነውም።

ስለዚህ ከቀለም በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ በረንዳዎ ወደ የት ይዞራል? ውሃስ በስንት ቀን አንዴ ያገኛሉ? እዚህ የምንለው በዋናነት ለአዲስ አበባና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር ላሉ ከተሞች ነው። በእነዚህ ቦታዎች የበጋው ቀን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይሞቃል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ይበረታል።

መጀመሪያ በረንዳው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ መንገድ በዓመቱ ውስጥ ጎን ይቀይራል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል አጋድላ ስለምታልፍ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ወደ ሰሜን የዞረው ምንም አያገኝም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። «እስከ ፋሲካ በደንብ ሲያብብ ቆይቶ በድንገት አቆመ» የሚባለው የደቡብ በረንዳ አበባ ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ጣሪያው ጥላ ጣለበት። ቫዞውን ግማሽ ሜትር ወደ ጠርዝ ማስጠጋት ይበቃዋል።

የምሥራቅ በረንዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ገደማ ለስላሳ ፀሐይ ያገኛል፤ ለፔቱኒያም ለጄራኒየምም ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። የምዕራቡ ከባድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ብቻ ሳይሆን የጋለው ግድግዳም ተክሉን ይጠብሰዋል፤ እዚያ ቡገንቪላ ይደሰታል፣ ጄራኒየም ይችለዋል፣ ፔቱኒያ በየቀኑ ጠውልጎ ይጠብቅዎታል።

የውሃው ሒሳብ

ስድስት ቫዞ ያለው በረንዳ እናስብ። በ25 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ ቫዞ የተተከለ ፔቱኒያ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ በቀን 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ስድስቱ በሳምንት 42 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈጃሉ። ያው ቫዞ ላይ ጄራኒየም ቢሆን በሳምንት ሁለት ጊዜ 1 ሊትር ይበቃዋል፤ ስድስቱ 12 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ቡገንቪላ በ40 ሳንቲ ሜትር ቫዞ ውስጥ በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንዴ 4 ሊትር ይወስዳል። ያንኑ በሚያህል ቫዞ ውስጥ ያለ ጽጌረዳ ግን በየሁለት ቀኑ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይፈልጋል። በፈረቃ ውሃ የሚኖር፣ ከሮቶ ወይም ከበርሜል እየቀዳ የሚያጠጣ ቤት ምርጫውን እዚህ ላይ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ፣ ጨው ካልገባበት፣ ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት። የልብስ ሳሙና ዱቄት ያለበትን ግን አይስጡ፤ ሶዲየሙ አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል።

ጄራኒየም

ለአንድ ሰው አንድ አበባ ብቻ ምረጥልኝ ብንባል ይኼ ነው። ግንዱ ውሃ ይይዛል፣ ቀዝቃዛውን ሌሊት ይወደዋል፣ የቀን ርዝመት አይመርጥም። ሦስት ዓይነት ያጋጥምዎታል። ቀጥ ብሎ የሚያድገውና ቅጠሉ ላይ ቡናማ ቀለበት ያለው ከሁሉ የሚችል ነው። የሐረግ ቅጠል የሚመስል ለስላሳና ወፍራም ቅጠል ያለው ተንጠልጣይ ዓይነት ለበረንዳ ብረት ያምራል፣ ነገር ግን ነፋስ ይሰብረዋል። ሦስተኛው ትልልቅና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው አበባ የሚያወጣው ነው፤ እንቡጥ ለመቋጠር ቀዝቃዛ ሌሊት ስለሚፈልግ ለደጋ ይስማማል፤ አዳማ ወስደው ቢተክሉት ቅጠል ብቻ ያበቅላል።

የአበባው ቀጣይነት የተመሠረተው ያለቀውን በማንሣት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ሰው የደረቀችዋን የአበባ ራስ ብቻ ይቀነጥስና ረጅሙን አገዳ ይተወዋል። አገዳው ይበሰብሳል፣ ብስባሱም ወደ ግንዱ ይወርዳል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ አገዳውን ወደ ታች ተከትለው ከግንዱ ጋር የተጋጠመበትን እብጠት ይፈልጉ፣ በአውራ ጣት ወደ ጎን ይጫኑት፤ ቀጭ ብሎ ከሥሩ ይወጣል። መቀስ አያስፈልግም። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ቫዞው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከሰፋ ሥሩ አፈሩን ለመሙላት ይሮጥና አበባው ይዘገያል። የሚገድለው ውሃ ነው፤ ከአፈሩ ጋር በተያያዘበት ቦታ ግንዱ ጠቁሮ ከለሰለሰ አይድንም፣ ከላይ ጤነኛ የሆነውን ቀንበጥ ቆርጠው አዲስ ይትከሉ። ቁርጡ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የታችኛው ቅጠል ይነሣ፣ አፉ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዚያ በእርጥብ አሸዋ ይተከል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሥር ያወጣል።

የከረመና እንጨት የሆነ ጄራኒየም ካለዎት መስከረም አጋማሽ ላይ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከሦስት እስከ አራት ቋጠሮ አስቀርተው ይከርክሙት። መጀመሪያ ያሳዝናል፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ሙሉ ሆኖ ያብባል።

ፔቱኒያ

በአበባ ብዛት የሚስተካከለው የለም፣ በጣጣም እንዲሁ። ዓመታዊ ተክል ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ወር ካበበ በኋላ ይደክማል። ስለዚህ በጋውን ሙሉ አበባ የፈለገ ሰው ሁለት ዙር ያስብ፦ አንዱን በጥቅምት፣ ሁለተኛውን በጥር መጨረሻ። በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ወደ ብርሃኑ ይሳባል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል።

የጠወለገውን አበባ ጎትተው ሲያወጡ ባለቀለሙ ክፍል ብቻ በእጅዎ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለችው አረንጓዴ ቋጠሮ ግን ተክሉ ላይ ትቀራለች። ዘሩ የሚያድገው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዘር ማሳደግ የጀመረ ፔቱኒያ ደግሞ አዲስ እንቡጥ ማውጣቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ከቋጠሮዋ በታች ይቁረጡ። አበባው ብዙ ከሆነና አንድ በአንድ መልቀሙ ካሰለቸዎት በየወሩ ከቅርንጫፎቹ ሲሶውን በግማሽ ያሳጥሩ፣ ሌላውን ይተዉት፤ በዚህ መንገድ ቫዞው መቼም ባዶ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ከከረከሙት ለመመለስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ብዙውን ጊዜ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን የጉድጓድ ውሃ ወይም አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለቀነሰው ተክሉ መሳብ አቅቶት ነው። ለፔቱኒያ አመድ አይስጡ።

ቡገንቪላ

አበባ የምንለው ቀለም ያለው ቅጠል ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች በመሃሉ ያሉት ቀጫጭን ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው። ቀለሙ ለሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በቀን ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ፀሐይና ጥማት። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነለት ቡገንቪላ እሾህና ቅጠል ያበዛል። ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ትንሽ ዘንበል እስኪሉ ይጠብቁ፣ ከዚያ ከሥር እስኪወጣ በደንብ ያጠጡ፣ እንደገና ይጠብቁ። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነውና አንዱ ዙር ቀለሙ ሲረግፍ ቅርንጫፎቹን በሲሶ ያሳጥሩ፤ ቀጣዩ ዙር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይመጣል።

ሲገዙ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀድደው ከነአፈሩ ያስገቡት። ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩ ከተራገፈ ለወራት ያኮርፋል። እንጦጦ ግርጌ በመሰለ ውርጭ በሚወርድበት ሰፈር ታኅሣሥና ጥር ላይ ቅጠሉን ቢያራግፍ አይደንግጡ፤ ውሃውን ቀንሰው ይተዉት።

ጽጌረዳ፣ እና ጥላ ላለበት ቤት

ጽጌረዳ በቫዞ ይሆናል፣ ግን ለጀማሪ አንመክረውም። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ብዙ ውሃና ብዙ ምግብ ይፈልጋል። ሞቃትና ደረቅ ቀን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ሌሊት ሲፈራረቁ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወርድበታል፤ የደጋው በጋ ይኸው ነው። ከወደዱት ድንክ ዝርያውን ይምረጡ፤ ያለቀውን አበባ አምስት ቅጠል ካለው የመጀመሪያው ክንፍ በላይ ይቁረጡ፤ ከተዳቀለበት እብጠት በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ነቅለው ይጣሉ።

ፀሐይ ለማያገኝ በረንዳ ቤጎንያ አለ፤ ሌላው ሁሉ ማስገደድ ነው። እንሶስላን በቫዞ የሚሞክሩም አሉ። ውብ አበባ ነው፣ የአገራችን የደጋ ጫካ ተክልም ነው፤ ነገር ግን የሚያብበው በዝናብ ወቅት ነው፣ በበጋ ከላይ ደርቆ ሥሩ ብቻ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሞተ ብለው አይጣሉት፣ ብዙ ውሃም አይስጡት።

ውሃ ጨርሶ ለሚቸግረው ቤት ከእንዳሁላ ወገን የሆነው ካላንቾ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በ10 ቀን አንዴ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። እንቡጥ የሚቋጥረው ረጅም ጨለማ ሲያገኝ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል የሚበራበት በረንዳ ላይ አያስቀምጡት።

ሸክላ፣ ፕላስቲክ፣ ሲሚንቶ ወይስ ጀሪካን?

ሸክላ በግድግዳው ይተነፍሳል፤ ሥሩ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ለጄራኒየም፣ ለካላንቾና ለቡገንቪላ ተመራጭ ነው፤ ፔቱኒያን ሸክላ ውስጥ መትከል ግን የውሃ ወጪን መጨመር ነው። ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው ሲያዝዙ ሳይተኮስ በፊት ከታች 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቀዳዳ እንዲበሱልዎት ይንገሩ፤ ከተተኮሰ በኋላ መብሳት መስበርን ያስከትላል። አዲስ ሸክላ ከመትከልዎ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር፣ አለዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ ራሱ ይጠጣዋል።

ፕላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ጥቁሩ ግን የምዕራብ በረንዳ ላይ ይግላል፤ ነጭ ቀለም ይቀቡት ወይም ሌላ ሰፋ ያለ ቫዞ ውስጥ ያስገቡት። የሲሚንቶ ቫዞ ለግቢ እንጂ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ አይሆንም። 25 ሊትር እርጥብ አፈር ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሲሚንቶው ክብደት ሲጨመርበት አንድ ሰው በቀላሉ አያንቀሳቅሰውም።

ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለሁለት ተቆርጦ 10 ሊትር ገደማ የሚይዝ ቫዞ ይሆናል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱን አጥበው ያስለቅቁ። ለፔቱኒያ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ፦ ቀዳዳውን ከታች ሳይሆን ከወለሉ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በጎኑ ይብሱ። ከታች የሚቀረው ውሃ ለአንድ ተጨማሪ ቀን ያቆየዋል። ለጄራኒየም ይህን አያድርጉ። ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ጨርሶ አይንኩ።

አፈሩ

ዋልካ አፈር ለቫዞ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ከቫዞው ግድግዳ ይለያል፣ የሚያጠጡትም ውሃ በስንጥቁ በኩል ሥሩን ሳይነካ ይወርዳል። ሁለት ጣሳ ቀይ አፈር፣ ሁለት ጣሳ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይቀላቅሉ። ሬድ አሹ ግንባታ ካለበት ቦታ ይገኛል፤ ጠጠሩ ከሽምብራ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ዱቄቱም ታጥቦ ይውጣ። ለቡገንቪላና ለካላንቾ ሬድ አሹን ሁለት ጣሳ ያድርጉት።

ከታች የድንጋይ ንጣፍ ማድረግ ውሃ ያስወጣል የሚባለው እውነት አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይወርድም፤ ከድንጋዩ በላይ ይቆምና ረግረጉ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ቀዳዳው ላይ ትንሽ የሸክላ ስባሪ ይበቃል። የቡና አተላም ከላይ ሲደፋ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ውሃ አያሳልፍም፤ ቦታው ኮምፖስቱ ውስጥ ነው።

ምግብ፦ የገበሬው ማዳበሪያ ለአበባ ይሆናል?

በቀላሉ የሚገኘው ይኸው ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠቀመዋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት ይይዛል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር አለው። ሦስቱም ላይ ፖታሲየም የለም፤ ያለማቋረጥ የሚያብብ የቫዞ ተክል ደግሞ በብዛት የሚፈጀው እሱን ነው፣ ትንሹ አፈርም ቶሎ ያልቅበታል። ዩሪያ ብቻ የተሰጠው ጄራኒየም ቅጠሉ እንደ ጎመን ይሰፋል፣ አበባው ይጠፋል።

ምርጫው እንዲህ ነው። ገንዘብ ከተገኘ ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሲየም በእኩል መጠን ያለበት፣ በውሃ የሚሟሟ ባለ 20-20-20 ማዳበሪያ፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውሃ፤ ለፔቱኒያ በየሳምንቱ፣ ለጄራኒየም በየሁለት ሳምንቱ፣ ለቡገንቪላ በወር አንዴ። ካልተገኘ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ ከግንዱ ርቆ በቫዞው ጠርዝ ይቀበር፣ ይህም በሁለት ወር አንዴ፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ፖታሲየሙን ለማሟላት አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነፋ የእንጨት አመድ። የደጋው ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ ትንሽ አመድ ይስማማዋል፤ በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ግን ይተወው፣ ለፔቱኒያም አይሰጥ። አመድና ዩሪያ አንድ ላይ ከተሰጡ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይበናል፤ የሚሸተው እሱ ነው። የዶሮ ፍግ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይብላላ አይግባ። ሁሉም ዓይነት ምግብ የሚሰጠው በረጠበ አፈር ላይ ነው፤ በደረቅ ላይ ከሆነ ሥር ያቃጥላል።

ሲበላሽ ምን ይመስላል?

የጠወለገ ቅጠል ሁልጊዜ ጥም አይደለም። ቫዞውን ያንሡት፤ ከቀለለ ውሃ፣ ከከበደ ደግሞ ሥሩ ታፍኗልና ውሃ ያቁሙ። ውሃው ሲፈስበት ወዲያው ከሥር የሚወጣ ከሆነ አፈሩ ደርቆ ውሃ መቀበል አቁሟል፤ ቫዞውን እስከ አንገቱ ባልዲ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይንከሩት። ማጠጫው ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት ማታ ማጠጣት ሻጋታ ይጋብዛል።

ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ቀጭን ድር ካዩ ቀይ ሸረሪት ነው፤ ደረቅና ሙቅ አየር ያበዛዋል። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ሦስት ቀን በተከታታይ በውሃ ግፊት ይጠቡት። ክሽክሽ ለስላሳ ቀንበጥ ላይ ሲሰፍር አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ አሟሟተው አመሻሽ ላይ ይርጩ፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ። እንቡጡ ተበስቶ ከታች ጥቁር ፍርፋሪ ካለ አባጨጓሬ አለ፤ አምሽተው በባትሪ ፈልገው በእጅ ይልቀሙት።

አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላሉ ምርጫው ሌላ ነው፦ ቡገንቪላ፣ ሂቢስከስና ቪንካ ይቅደሙ፣ ፔቱኒያን ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ይያዙ። ዱባይና ሪያድ ላሉ ወገኖችም የፔቱኒያ ጊዜ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ በሐምሌ ቃጠሎ ቡገንቪላና ቪንካ ካልሆነ ገንዘብ አያባክኑ።

ለበዓል አገር ቤት ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው ጄራኒየሙን አጠጥቶ ጥላ ውስጥ ቢያኖረው ይበቃል፤ ቡገንቪላና ካላንቾ ምንም አይሉም። ለፔቱኒያና ለጽጌረዳ የተከፈተውን አበባ ሁሉ ይቁረጡ፣ ቫዞዎቹን ጥላ ውስጥ አጠጋግተው ይደርድሩ፣ ውሃ የተሞላ ባልዲ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ በመሃል ያስቀምጡ፣ ከአሮጌ የጥጥ ከነቴራ የተቀደደ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጨርቅ አርጥበው አንዱን ጫፍ ባልዲው ወለል ላይ፣ ሌላውን አፈሩ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ይቅበሩ። ከመሄድዎ ሁለት ቀን በፊት ይሞክሩት፤ አፈሩ ከጨቀየ ጨርቁን ያጥብቡ። ሲመለሱ በአንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ አያውጧቸው፤ መጀመሪያ የጠዋቱን ብቻ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉውን።